ከደሴ ወጣ ለማለት፦ ሐይቅ፣ አርዲቦ ወይስ የጎፍ? በየትኛው ወር?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ለሚኖር ሰው ውሃና ጫካ ሩቅ አይደለም። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ሐይቅ የሚባለው ከተማና ውሃው አለ። ከሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ ገባ ብሎ አርዲቦ የሚባለው ሌላው ውሃ አለ። ኮምቦልቻ ላይ ቆማችሁ ቀና ካላችሁ ደግሞ የጎፍ ተራራ ከነደኑ ይታያችኋል። ሦስቱም ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት የሚገባባቸው ቦታዎች ናቸው።

ታዲያ ሄዶ ተማርሮ የሚመለሰው ሰው ለምን በዛ? አብዛኞቻችን የምንወጣው በዓል ሲሆን፣ የአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ ወይም እሑድ ሲደብረን ነው። መጀመሪያ "አርዲቦ እንሂድ" እንላለን። ከዚያ መኪና እንፈልጋለን። ወሩ ምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ጭቃው መሃል ስንደርስ ነው ነሐሴ መሆኑ የሚገባን።

እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ቦታውን አትምረጡ። ወሩን እዩ፣ ቦታውን ወሩ ይመርጥላችኋል። ሐይቅ ከተማ የደሴ–ወልዲያ አስፋልት ላይ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ትደረሳለች። አርዲቦ ውሃው ዳር ለመድረስ የአፈር መንገድ አለበት። የጎፍ ላይ መንገዱ የራሳችሁ እግር ነው። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚዘጋው የጎፍ ነው፣ ቀጥሎ አርዲቦ። ሐይቅ መጨረሻ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ከያዛችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

1. ዝናቡን እወቁት

የኛ አካባቢ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘንብበታል። በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይመጣል። አንዳንድ ዓመት ጥሩ አድርጎ ይጥላል፣ አንዳንድ ዓመት አፉን ከፍቶ የሚጠብቀውን ገበሬ ጥሎት ይሄዳል። ክረምቱ ግን ቀጠሮ ያከብራል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ይጀምራል፣ ሐምሌና ነሐሴ ይበረታል፣ መስከረም ላይ እየሳሳ ይወጣል።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ ከፍታውን ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ያለው፣ ግን በመካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ጃኬት ማውለቅ ትጀምራላችሁ። በ100 ሜትር ከፍታ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚለያይ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 4 ዲግሪ የሚደርስ ልዩነት አለ። ሐይቅም ከደሴ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ደሴ ላይ በጠዋቱ ብርድ ተነሥቶ መልበስና ሐይቅ ላይ ሆኖ መልበስ አንድ አይደለም። ደረብ አድርጋችሁ ልበሱ፣ የሚወልቅ ነገር ይሁን። የኮምቦልቻ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ነው። በቲሸርት ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል።

2. ወር በወር ወዴት?

መስከረም። ሁሉም ሰው የሚወጣው በዚህ ወር ነው። አደይ አበባው፣ አረንጓዴው፣ በየመንገዱ ዳር የሚሸጠው በለስና የተጠበሰው በቆሎ እሸት፣ ሁሉም ያማልላል። ግን ልንገራችሁ፣ መስከረም ላይ መሬቱ ገና አልጠጠረም። ከወሩ አጋማሽ በፊት ከሐይቅ አትለፉ። ውሃው ላይ ከገደላገደሉ የወረደ ደለል ስላለ በወንዝ መግቢያዎቹ በኩል ቡናማ ነው። ከመስቀል በኋላ ያለው ሳምንት ከእንቁጣጣሽ ሳምንት ይሻላል። ሰውም ይቀንሳል።

ጥቅምትና ኅዳር። የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ይህ ነው። በዚህ አልከራከርም። ሰማዩ ጠርቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ሣሩ ግን ገና አልነጣም። ማሽላው ራሱን ደፍቶ ይታያል፣ ጤፉ ቢጫ መሆን ይጀምራል። ከአውሮፓ ክረምት የሸሹ ወፎችም በዚህ ጊዜ ውሃው ላይ ናቸው። ሦስቱም ቦታ ክፍት ነው። ለዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ የምትወጡ ከሆነ አርዲቦን ጥቅምት ላይ፣ የጎፍን ኅዳር ላይ አድርጉት። ጥቅምት ያልኩበት ምክንያት አለኝ። አርዲቦን ያቀፉት ኮረብቶች አረንጓዴነታቸውን ቶሎ ይጥላሉ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ስትሄዱ ውሃው ያው ነው፣ ዙሪያው ግን ገለባ ሆኗል። የጎፍ ግን ጥዱና ወይራው ቅጠል ስለማያረግፉ አይቸኩልም።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን መሳለም የምትፈልጉ ሁለት ቀን ያዙ፦ ጥቅምት 17 የእስጢፋኖስን፣ ኅዳር 26 የአቡነ ኢየሱስ ሞዓን። ጸጥታ ፈልጋችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ እነዚህን ሁለት ቀናት ሽሹ።

ታኅሣሥና ጥር። ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ደሴ ዙሪያ ባሉ ከፍታዎች ላይ ውርጭ ይጥላል። ለረጅም የእግር ጉዞ ግን ከዚህ የተሻለ የለም፣ አያልባችሁም፣ አያንሸራትታችሁም። የጎፍ አሁንም ጥሩ ነው። ጊዜ ያላችሁ ትንሿን የማይባር ሐይቅንም በአልቡኮ በኩል ሄዳችሁ እዩ። ከሐይቅና ከአርዲቦ ጋር አትወዳደርም፣ ግን የሚገፋችሁ ሰው የለም።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ። በልጉ ከገባ የአንድ ቀን ዝናብ የአርዲቦን አፈር መንገድ ሊያበላሽ ይችላል፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ደግሞ ያስተካክለዋል። ስለዚህ በዚህ ወቅት ዕቅድ ከሳምንት በፊት አይወጣም። ዓርብ ማታ ሐይቅ ከተማ ላለ ሰው ደውላችሁ "ትናንት ዘነበ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ዘንቦ ከሆነ ሐይቅ ላይ ቁሙ። ካልዘነበ ግቡ። ዐቢይ ጾምም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ውስጥ ይውላል፤ ዓሣ ይወደዳል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እተዋለሁ፣ ገበያው ግን መልሱን ወስኗል።

ግንቦትና የሰኔ መጀመሪያ። ሙቀት ነው፣ ሜዳው ነጥቷል፣ ሰማዩ በአቧራ ይደበዝዛል። ፎቶ ለማንሣት አይሆንም። ሐይቅ ዳር ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ለመዋል ግን ጥሩ ነው። የጎፍን ያሰባችሁ የዛፍ ጥላው ይረዳችኋል፣ ውሃ ግን እጥፍ ያዙ።

ሐምሌና ነሐሴ። ከሐይቅ ውጭ አትድከሙ። ሐረጎም ላይ ጉሙ መሬት ድረስ ይወርዳል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የምትወጡ ከሆነ ጉሙ እስኪገለጥ ትንሽ ብትዘገዩ አትጎዱም። የዋልካ መሬት ላይ መሄድ ምን እንደሆነ ያላየ ካለ በአጭሩ ልንገረው። የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ጫማችሁ ሥር አንድ ንብርብር ይያዛል። አሥረኛው ላይ ሦስት ጣት ውፍረት ይሆናል፣ እናንተም በሦስት ጣት ትረዝማላችሁ። ቆማችሁ በእንጨት ትጠርጋላችሁ። ከዚያ እንደገና። የአገሬው ሰው ኮንጎ ጫማ የሚያደርገው ለዚህ ነው፤ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል። ውድ ስኒከር አድርጎ የመጣ የከተማ ልጅ ግን ባዶ እግሩን ሲመለስ ይታያል።

በክረምት የሚያስወጣ አንድ ጥሩ ነገር ችግኝ ተከላ ነው። ሐምሌ ላይ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ሰው ወደ ተራራ ይወጣል። በዚያ አጋጣሚ የደሴውን ጦሳ ተራራ ወይም የየጎፍን ግርጌ ማየት ይቻላል። መኪናው የጋራ ነው፣ ጭቃውም የጋራ ነው።

3. ሰዓቱ ከወሩ እኩል ነው

ሐይቅ ላይ ጠዋትና ከሰዓት ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ጠዋት እስከ 4 ሰዓት ገደማ ውሃው ይረጋል። ዙሪያው ያሉ ተራሮች ተገልብጠው ይታያሉ። ወፎቹም ዳር ዳሩን ናቸው፤ ዳክዬው ቄጠማው ውስጥ ይዋኛል፣ ዓሣ አዳኙ ንስር ዛፍ ላይ ተቀምጦ ይጮኻል። ወደ ቀትር ሲጠጋ ነፋስ ይነሣል። ማዕበሉ ለትልቅ ጀልባ ምንም አይደለም፣ ለትንሽ ጀልባና ልጅ ለያዘ ሰው ግን ደስ አይልም።

ስለዚህ ከደሴ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። ከኮምቦልቻ ከሆነ 12 ሰዓት ላይ። ለቁርስ ብላችሁ ደሴ ላይ አትዘግዩ፣ ሐይቅ ከተማ ሻይና ብስኩት፣ ፍርፍርም አይታጣም። ጀልባውን መጀመሪያ ጨርሱት። ምሳው፣ ቡናው፣ ወሬው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል። መጀመሪያ ዓሣ ይበላል፣ ከዚያ ቡና ይጠጣል፣ 8 ሰዓት ላይ ጀልባ ይፈልጋል፣ ከዚያ ነፋሱን ይረግማል።

4. መጓጓዣ

የራሳችሁ መኪና ከሌላችሁ ከደሴ መናኸሪያ የሐይቅ ሚኒባስ ያዙ። ረዳቱ "ሐይቅ! ሐይቅ! አንድ ሰው!" እያለ ሲጣራ አትቸኩሉ፣ ያ "አንድ ሰው" ብዙ ጊዜ አራት ሰው ነው። ወደ ወልዲያ የሚሄድ መኪናም ሐይቅ ላይ ያወርዳችኋል፣ ግን አንዳንዱ የወልዲያውን ሙሉ ሒሳብ ይጠይቃል። ከመግባታችሁ በፊት ተስማሙ። ከሐይቅ ከተማ ወደ ውሃው ዳር ባጃጅ አለ፣ መራመድ ለሚወድ ደግሞ በእግር ይቻላል።

ዓርብ የምትወጡ ከሆነ የጁምዓ ሰዓትን አስቡ። ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው መካከል ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ ባለሱቁም መስጊድ ነው። በረመዳን ደግሞ ቀን ላይ ብዙ ምግብ ቤት ስለሚዘጋ ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ፣ ስትበሉም ዞር ብላችሁ ብሉ። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ቀደም ብሎ ስለሚመጣ ባለፈው ዓመት በዋለበት ወር አትመኩ።

ቴሌብር ብዙ ቦታ ይሠራል። ቢሆንም ለባጃጅ፣ ለዓሣና ለቡና ዝርዝር ብር ያዙ። ኔትወርክ የሚጠፋው ሒሳብ ሲደርስ ነው።

5. ሐይቅ ላይ

ገዳሙ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ድሮ ደሴት ነበር፣ ዛሬ በአንድ በኩል ከየብስ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ በመኪናም በጀልባም ይደረሳል። ገዳሙን ስመ ጥር ያደረጉት በ13ኛው መቶ ዘመን የነበሩት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእሳቸው ሥር ተምረዋል። የገዳሙ አበምኔት "ዐቃቤ ሰዓት" ተብሎ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን የነበረው በኋላ ነው። በዚያው ዘመን የተጻፈው የኢየሱስ ሞዓ ወንጌልም የዚህ ገዳም ሀብት ነው።

ሥርዓቱ ግልጽ ነው፤ ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም። ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ ይህን ቤት ሳላችሁ ተነጋገሩበት። በር ላይ ደርሶ እናትን ወይም እኅትን ትቶ መግባት ደስ አይልም። አንዱ መፍትሔ ወንዶቹ ተሳልመው እስኪመለሱ ሴቶቹ ጀልባ ላይ ዞር ዞር ማለት ነው። የሚገባው ሰው ነጠላ ይልበስ፣ ጫማውን ያውልቅ፣ ፎቶ ከማንሣቱ በፊት ይጠይቅ። አባቶችን "እንደምን አደሩ፣ አባ? ይባርኩን" ብላችሁ ጀምሩ። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ካሜራውን አስቀድሞ ጥያቄውን ያስከተለ ሰው ብዙም አይሳካለትም።

ጀልባው። ከመሳፈራችሁ በፊት አራት ነገር ጨርሱ፦ ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ? ስንት ደቂቃ ነው? ስንት ሰው ይጫናል? ለእያንዳንዱ የሕይወት ማዳኛ ሰደርያ አለ ወይ? የመጨረሻው ላይ አትደራደሩ። የሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ይሄዳል። ዳሩም ቀስ እያለ የሚጠልቅ አይነት አይደለም፣ ትንሽ ገባ እንዳላችሁ እግር መሬት ያጣል። ዋና እችላለሁ ባዩ ጎረምሳ በተለይ ይህን ይስማ።

ዓሣው። ሐይቅ ላይ ሦስት ዓይነት ዓሣ ይቀርብላችኋል፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ አንዳንዴም ካርፕ። ቆሮሶ ዛሬ የሐይቅ መታወቂያ ቢመስልም ጥንት የነበረ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ በሰው እጅ የተጨመረ ነው። ስታዝዙ ጓዳ ገብታችሁ ዓሣውን እዩ፣ ማንም አይቆጣችሁም። ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ ይሁን፣ የጎደጎደ አይሁን። ስንጥቡን ገልጣችሁ እዩ፣ ቀይ ከሆነ ዛሬ የወጣ ነው፣ ቡናማ ከሆነ ትናንት ነው። በጣት ጫን ስትሉት ሥጋው ተመልሶ መነሣት አለበት።

ጥብሱን የሚያሳምረው መበጣቱ ነው። ጎበዟ ባለሙያ ዓሣውን ሙሉውን ትይዝና ጎንና ጎኑን በቢላ አግድም ሦስት አራት ቦታ ትበጣዋለች፣ አጥንቱ ድረስ። ጨውና ሎሚ በየስንጥቁ ታስገባለች። ዘይቱ በደንብ ሳይግል አትጨምረውም። ሲወጣ ስንጥቁ ተከፍቶ፣ ጠርዙ ተኮማትሮ ይመጣል፣ ቀጫጭኑ አጥንትም አብሮ ይበላል። ከዳጣ ወይም ከሚጥሚጣ ጋር ነው። ያልተበጣ ዓሣ ከመጣላችሁ ውጩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ስለሚሆን መልሱት።

ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ይህን የምለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባበት ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል፣ የሃይላንድ ጠርሙሱም ጭምር።

6. አርዲቦ

አርዲቦ ከሐይቅ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ሞልቶ ሲተርፍ አንከርካ በሚባል ወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። በመንገዱ ላይ ገበሬው ለመስኖ ስለሚጠልፈው በበጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ከሐይቅ ከተማ ከተነሣችሁ በኋላ ወደ ውሃው የሚያስገባውን የአፈር መንገድ ጠይቁ። ስትጠይቁ ወጣቱን ሳይሆን ትልቅ ሰው ጠይቁ። "ጋሼ፣ መኪና ይገባል ወይስ እዚሁ እናቁመው?" በሉ። "አብሽሩ፣ ይገባል" ካሏችሁ ደግሞ "የትኛው መኪና?" ብላችሁ ድገሙ። አይሱዙ የገባበት ሁሉ ቪትዝ አይገባም።

አርዲቦ ላይ ምግብ ቤት ተሰልፎ አይጠብቃችሁም፣ ደግሞም ያማረበት ለዚህ ነው። ውሃ፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ ከሐይቅ ከተማ ያዙ። መሬቱ የሰው ማሳ ነው። በእህሉ መካከል አትቁረጡ፣ በወሰኑ በኩል ዙሩ። ጥቅምት ላይ እህሉ ለአጨዳ ሲቃረብ የተረገጠ ጤፍ የአንድ ቤት እንጀራ ነው። ቤት ያፈራውን ቡና "ጠጡ" ተብላችሁ ከተጋበዛችሁ ግቡ። ሦስተኛውን ሳትጠጡ መነሣት ግን የለም፣ ስለዚህ ጊዜ ያዙ። ስትወጡ ብር ከምትሰጡ ስትሄዱ ስኳር ወይም ቡና ይዛችሁ ብትገቡ ይሻላል። ወሎ ውስጥ የቡና ሒሳብ መክፈል ስድብ የሚሆንበት ቤት ብዙ ነው።

7. የጎፍ

የጎፍ ጫፍ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ከኮምቦልቻ ሜዳ ከተነሣችሁ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ማለት ነው። እስከ ጫፍ ለመውጣት ሙሉ ቀን መድቡ። ጫካውን ብቻ ማየት ለሚፈልግ ግማሽ ቀን ይበቃዋል፣ ጫፍ መድረስ ግዴታ አይደለም።

ደኑ በመንግሥት የሚጠበቅ ስለሆነ ከመግባታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን አናግሩ። ከአካባቢው አንድ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁርጥ ያለ ሒሳብም በመነሻው ተስማሙ። የሚገርመው ነገር፣ ከታች የሚታየው ቁልቁለት ቀላል ይመስላል፣ ውስጥ ስትገቡ ግን የከብት መንገድና የሰው መንገድ መለየት ያስቸግራል። የእንጨት ለቃሚዎች መንገድ ደግሞ ድንገት ያልቃል።

ግርጌው አካባቢ የተተከለ ባሕር ዛፍ ይበዛል። ደረቅ ነው፣ ከሥሩ ብዙ ነገር አይበቅልም፣ ሽታው ብቻ ይከተላችኋል። እዚያ ደርሶ "ይኸው ነው እንዴ?" ብሎ የሚመለስ ሰው አለ። አትመለሱ። ከፍ ስትሉ ጥዱና ወይራው ይጀምራል፣ መሬቱ ይለሰልሳል፣ ድምፁም ይቀየራል። ጦጣ ታያላችሁ። ድኩላ ለማየት ግን ቶሎ መድረስና አፍን መዝጋት ያስፈልጋል። ስፒከር ይዞ ጫካ የሚገባ ሰው ምን ፈልጎ እንደሚመጣ እስካሁን አልገባኝም። ዛፉ ሳሳ በሚልበት ቦታ ዞር ብላችሁ እዩ። ከታች የኮምቦልቻ ቆርቆሮ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሼዶች፣ ከደሴ የሚወርደው ቦርከና ወንዝ በመካከል እየተጠማዘዘ ወደ ከሚሴ ሲሄድ ይታያል።

ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ባለው ደረቅ ጊዜ እሳት አታንዱ። ቡና አፍልተን እንጠጣ የሚለው ሐሳብ ቴርሞስ ስላለ ይቅር። ሲጋራም እንዲሁ። ከ9 ሰዓት በኋላ ወደ ላይ አትውጡ፣ መውረድ ጀምሩ። 12 ሰዓት ላይ ይጨልማል፣ ጫካ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይጨልማል፣ ጅቡም ሰዓቱን ያውቃል።

8. ከመውጣት በፊት፣ ከተመለሱ በኋላ

መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው ዕለት ጠዋት ጠይቁ። ከሾፌሮች በላይ የሚያውቅ የለም። "ዛሬ ይቅርባችሁ" ካሏችሁ አትከራከሩ፣ ሐይቁ የትም አይሄድም። መታወቂያ ያዙ።

ውሃው ዳር ቄጠማ ያለበት ረጋ ያለ ቦታ ላይ እግራችሁን ነክራችሁ አትቆዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ልጆችን በተለይ ጠብቁ። የነካካው ሰው ወዲያው በፎጣ አሻሽቶ ይድረቅ።

የደሴ ሰው ትንኝ አይፈራም፣ ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ አልለመደውም። ሐይቅና ኮምቦልቻ ግን ዝቅ ይላሉ፣ ወባም ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። ለጉዞ ምርጥ ያልናቸው ወራት መሆናቸው ነው። ማምሸት ካላችሁ እጅጌ ያለው ልበሱ፣ የትንኝ ማባረሪያ ቅባት ተቀቡ። እዚያ የምታድሩ ከሆነ አጎበር መኖሩን ሳታዩ ክፍል አትያዙ። ከተመለሳችሁ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ "ጉንፋን ነው" ብላችሁ ዝንጅብል አፍልታችሁ አትተኙ። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደም አስመርምሩ፣ ሐይቅ ወይም ኮምቦልቻ ሄዳችሁ እንደነበርም ሳትጠየቁ ተናገሩ።